የሃያ ሦስት ሰከንዱ ክስ

«ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ካርቶኖቿን ከደረጃው ላይ ታንሳልኝ። ሰው ይሰበራል!»

ይህን ያለው የሕግ ተማሪዋ አባት ነው። አክስቷ ከእሱ ሁለት ደረጃ ከፍ ብላ ቆማለች፤ እጇን ብትዘረጋ የወንድሟን መላጣ መንካት ትችላለች። ግን ስምንት ወር ሙሉ አልተነጋገሩምና እሷም ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል፣ «ለአባትሽ ንገሪው፤ ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ እኔም ካርቶኔም እንነሳለታለን። አንድ ቀን ቢታገሥ አይሞትም» አለች። የሕግ ተማሪዋ የጥርስ ብሩሿን ጉንጯ ውስጥ እንደወሸቀች መሀላቸው ተገትራለች። መጀመሪያ ሰሞን የሚባባሉትን ሁሉ ቃል በቃል ታደርስ ነበር። «አባዬ እንዲህ ይልሻል»፣ «እቴቴ እንዲህ ትልሃለች» እያለች ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ። ሲቆይ ግን ሁለቱም ጆሮ እንዳላቸው ገባትና ሥራውን አቀለለችው። አሁን አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ዞራ ራሷን ትነቀንቃለች፤ መጥሪያው እንደደረሰ ይቆጠራል። ዛሬም ነቀነቀችና አፏን ልትጉመጠመጥ ሄደች።

ከአራት ዓመት በፊት የሕግ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ማታ አባቷ «ክቡር ፍርድ ቤት» አላት፤ ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሻዩ ገነፈለ፣ አውርጂው!» ይሏታል። ደመወዝ የላት፣ ችሎት የላት፣ በር ላይ የሚያስከብር ፖሊስ የላት፤ ክስ ግን ይጎርፍላታል። ሙቅ ውሃውን ማን ጨረሰው፣ አክስቷ ከምትኖርበት ከላይኛው ፎቅ የሚንጠባጠበው የልብስ ውሃ የታችኛውን መስኮት ማቆሸሽ መብቱ ነው ወይ፣ ቻርጀሩን ማን ወሰደው። ብቻዋን ከነገሩ የወጣችው እናቷ ናት። «እኔ በጋብቻ ነው የገባሁት። በእህትና በወንድም መሀል የሚያስገባኝ አንቀጽ የለም» ትልና ቅዳሜ ቅዳሜ እህቷ ጋ ትሄዳለች። ዛሬም ሄዳለች፤ ቦርሳዋን ስታንጠለጥል እንኳ ፊቷ ላይ ደስታ ይነበብ ነበር።

የዛሬው ክስ ግን እንደ ሙቅ ውሃው የሚቀለድበት አይደለም። ነገሩ የአንድ ካሴት ነገር ነው። ወንድ አያቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀን ሱሪ ሲያሳጥሩ ይውሉና ማታ ማታ አኮርዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጫወታሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀዱት አንዴ ብቻ ነው፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ቤት፣ በዚያ ሁለት እጅ ካላነሳው ንቅንቅ በማይል ቴፕ። ሰባት ዜማ ይዟል። አምስተኛው ራሳቸው የፈጠሩት ነው፤ ስም ስላላወጡለት ቤተሰቡ «የእሱ» እያለ ይጠራዋል። ታዲያ ይኸው «የእሱ» መሀሉ ላይ ሲደርስ፣ ዜማው ሽቅብ ሊወጣ ትንፋሽ እንደሰበሰበ፣ ድንገት ቁርጥ ይላል። ሃያ ሦስት ሰከንድ ሙሉ ሽሽሽሽ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከመሀል ይቀጥላል። አንድ ሰው ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጭኖ እንዳጠፋው ግልጽ ነው። ማን? አባቷ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ አክስቷ አሥራ ሦስቷ ነበር። እሷ፣ «ከሬዲዮ ኳስ ሲቀዳ ነው ያጠፋው» ትላለች። እሱ፣ «መስታወት ፊት ቆማ ዘፋኝ ነኝ እያለች ራሷን ስትቀዳ ነው» ይላል።

አያቷ በሕይወት እያሉ ይህ የማዕድ ጨዋታ ነበር። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። አዛውንቱ ብቻ ዓይናቸውን ከሳህናቸው ሳያነሱ፣ «ተዉት በቃ፣ ብሉ» ይላሉ። ሴት አያቷ፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው፣ ሁሌ በዚህች ሰዓት ውሃ ለማምጣት ብድግ ይላሉ፤ ውሃው ጠረጴዛው ላይ እያለ። አዛውንቱ ሲያርፉ ዕቃቸው በግማሽ ሰዓት ተከፋፈለ። መቀሱን አባቷ፣ አኮርዲዮኑን አክስቷ፣ የስፌት መኪናውን እማማ። ሁሉም «አንተ ውሰድ፣ አንቺ ውሰጂ» ነበር። ካሴቱ ጋ ሲደርሱ አባቷ እንደልማዱ ሊቀልድ ፈልጎ፣ «ይቺን እንኳ ለእሷ አልሰጥም፤ የቀረውንም ታጠፋዋለች» አለ። የሚስቅ አዛውንት ስለሌለ ግን ቀልዱ ቀልድ መሆኑን አቆመ። አክስቷ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ደግሞ የተናገረችው መልሶ የሚዋጥ አልነበረም። ይኸው ስምንት ወር። አሁን ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይታለች፤ ነገ ትወጣለች፤ ካሴቱንም ይዤ ነው የምወጣው ብላለች። አባቷ ደግሞ ካሴቱ ከዚህ ቤት አይወጣም ብሏል። ሁለቱ በስምንት ወር ውስጥ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክቡር ፍርድ ቤት ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወስን።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ካሴቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ለአባቷ ብትፈርድ አክስቷ ነገ የምትወጣው ለሁልጊዜው ነው። ለአክስቷ ብትፈርድ አባቷ ወደዚያ ሁለት ክፍል ቤት እግሩን አያነሳም። እሷ ፊደል የቆጠረችው ፎቅ ላይ፣ በአክስቷ ጭን ነው፤ የፈተና ሰሞን የምትተኛው አክስቷ ሶፋ ላይ ነው። ምን ታድርግ፣ ማዳመጫዋን ሰካችና ደብተሯን ገለጠች። ያለ ሙዚቃ ሕግ አይገባትም። አንቀጾቹን በከበሮ ምት ነው የምትሸመድዳቸው፤ የይዞታው ፈጣን ምት አለው፣ የውርሱ ዘገም ያለ ነው፤ ፈተና ላይ ከንፈሯና ትከሻዋ ስለሚንቀሳቀስ ፈታኙ ሁለት ጊዜ አስነስቶ ፈትሿታል። አባቷ ይህን ሙዚቃዋን «የወፍጮ ቤት» ይለዋል። ዛሬ ግን የወፍጮ ቤቱም አልረዳትም። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ጥሩ፣ ካሴቱ በማን እጅ ነው? በእሷ! የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም ከሳሽ፣ ሁለቱም ተከሳሽ ናቸው። ይርጋ የሚባል ደግ ነገርም አለ፤ ጊዜው ያለፈበትን ክስ ፍርድ ቤት አይሰማም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ክስ የትኛውም ችሎት ቢቀርብ መዝገብ ቤቱ ራሱ ስቆ ይመልሰዋል። በቤተሰብ መሀል ግን ይርጋ ብሎ ነገር የለም። ቢጨንቃት ስልኳን አንስታ የሚጠይቁትን ሁሉ ለሚመልሰው መተግበሪያ ጉዳዩን ዘርዝራ ጻፈችለት። ረጅም፣ ጨዋና ለስላሳ መልስ ሰጣትና መጨረሻው ላይ፣ «የሕግ ባለሙያ እንዲያማክሩ እንመክራለን» አላት። «ወይ ጉድ፣ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ!» አለችና ካሴቱን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች።

ያሰበችው ቀላል ነገር ነበር። ካሴቱ ወደ ፋይል ይገለበጣል፣ ለሁሉም ይላካል፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ማንም ይያዘው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙን ሰፈሩ ጋሽ ሽቦ ይላቸዋል፤ ሱቃቸው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች ተደርድረዋል። «ለካሴት ሁለት መቶ ነው» አሏት።

«እንዴ ጋሽ ሽቦ፣ ለጎረቤትም?»

«ለጎረቤትማ ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር፤ ሲበላሽ በራፌ ላይ ስለሚጮህ። ላንቺ ስለሆነ ነው» አሉና ጥጥ በአልኮል ነክረው የማጫወቻውን ራስ መጥረግ ጀመሩ። ካሴቱን ሲከቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አኮርዲዮኑ ጠባቧን ሱቅ ሞላት። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ይሄ ማነው?» አለ። «ሱሪህን ያሳጠሩልህ ሰውዬ ናቸው» አሉት ጋሽ ሽቦ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ልጅቷ ላፕቶፑ ላይ ድምፁ ተራራና ሸለቆ እየሠራ ሲሄድ ታያለች። አምስተኛው ዜማ ላይ ሲደርስ ተራራው ጠፋ፤ ሜዳ ሆነ። «ይቺ ናት ጠበኛዋ» ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። ጋሽ ሽቦ መነጽራቸውን አውርደው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ሜዳው ሜዳ አልነበረም። ቀጫጭን ፀጉር ነገር አብቅሏል።

«ባዶ ካሴት እንዲህ አይልም» አሉ። «ይሄ ማይኩ የደከመ ቴፕ ነው። ቤት ውስጥ የነበረ ነገር ቀድቷል።» ሽሽሽ የሚለውን ቀነሱ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉ፣ እንደገና ቀነሱ፣ እንደገና ከፍ አደረጉ። ሩብ ሰዓት ያህል ከታገሉ በኋላ አንዱን የማዳመጫ ጆሮ ለእሷ ሰጡ፣ አንዱን ራሳቸው ያዙ። መጀመሪያ እንደ ወንበር የሚንቋቋ ነገር ተሰማ። ቀጥሎ የሰው ሹክሹክታ መጣ፤ ልጅቷ ማን እንደሆነ ሳይነገራት አወቀችው።

«ወይኔ ጉዴ! አንቺ… ነይማ። ቀዩን ነካሁት።»

«እና አንሳዋ!» የሴት ድምፅ ነው፣ ወጣትና ችኩል።

«አልነሳ አለኝ። ተጣበቀ።»

«ቀስ በል፣ ልጆቹ ይነሱብሃል።» የታፈነ ሳቅ፤ የሁለት ሰው ሳቅ።

«እንዳትነግሪያቸው።»

«እኔ ምን በወጣኝ። እርስ በርስ ይጠረጣጠራሉ እንጂ አንተን ማን ይጠረጥርሃል?»

«ማይልኝ።»

«አንተ ሙት አልነግርም! በል አንሳው።» ቀጭ አለ። አኮርዲዮኑ ከመሀል ቀጠለ።

ልጅቷ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሬዲዮኖቹ መሀል እስክትጎብጥ ሳቀች፤ ጋሽ ሽቦም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ሂሳቧን ሰጥታ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ሳቁ ቀስ እያለ ለቀቃት። ማስረጃ አግኝታለች፤ ያውም የተከሳሽ የእምነት ቃል። ሁለት ንጹሐን በአንዴ ነፃ ይወጣሉ። ነገር ግን ጥፋተኛው ልጆቹ ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ሰው ነው። ግብረ አበሩ ደግሞ በሕይወት አለች፤ ታችኛው ቤት፣ መስኮት ሥር፣ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች። ማንም ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም፤ ይህን አንደኛ ዓመት ነው የተማረችው። ስለዚህ እቤት ስትደርስ ደረጃውን አልወጣችም፤ የእማማን በር ቆረቆረች።

የእማማ ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የስፌት መኪና፣ ቁልፍ የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ። እማማ ዛሬም የአባቷን ሸሚዝ ይዘው መርፌያቸውን ወደ ብርሃኑ አንስተዋል። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የክር ጥቅሉን አንስታ ታሽከረክር ጀመር። እንዴት እንደምትጀምር ጠፋት። መጨረሻ ላይ ዝም ብላ፣ «እማማ፣ ቀዩን ቁልፍ የነካው ማነው?» አለች።

መርፌው አየር ላይ ቀረ። እማማ ወደ ደረጃው በኩል ጆሮ ሰጡ፤ አክስቷ ከላይ ካርቶን ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ ይሰማል፣ ጭርርር፣ ጭርርር። «ማን ነገረሽ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ራሳችሁ። ቴፑ ቀድቷችኋል።»

«አንቺ!» ብለው አፋቸውን በሸሚዙ ከደኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ልጅቷ የሚያለቅሱ መስሏት ደንግጣ ተነሳች፣ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ሲበርድ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ያለሰልሱት ጀመር። «እሱ እያለ እኮ ሳቅ ነበር። እነሱ ሲካሰሱ እሱ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ይነካኛል፣ እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ውሃ ላምጣ ብዬ እሸሻለሁ። ሲሞት… ስንት ቀን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ መሰለሽ። ግን አንተ ሙት ብዬ ነው የማልኩት። እሱ ሞተ። በሞተ ሰው የማልኩትን እንዴት አድርጌ ላፍርስ? ደግሞ እሱና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

«እማማ፣ እቴቴ ነገ ትሄዳለች።»

«አውቃለሁ። ፕላስተሩ ሲጮህ ነው የሚያድረው» አሉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ከላይ ሌላ ካርቶን ተዘጋ። «እኔ አልናገርም» አሉ እማማ በመጨረሻ። «መሐላዬን አላፈርስም። እሱ ራሱ ይናገር። በይ ጥሪያቸው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ችሎቱ ሳሎን ተሰየመ። አባቷ መስታወት ሲቆርጥ የዋለበትን፣ ብናኝ የጠጣ የሥራ ጋዋኑን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አክስቷ የደረጃው የመጨረሻ እርከን ላይ፣ ለመውጣትም ለመግባትም በሚያመች ቦታ ተቀመጠች። እማማን መሀል ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። ልጅቷ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ «ፍርድ ቤቱ አዲስ ማስረጃ ስላገኘ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «በቃ ስሙት» አለችና ተጫነችው።

አኮርዲዮኑ ወጣ፤ ዜማው ሽቅብ ሊል ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ቁርጥ አለ። ሹክሹክታው መጣ። «ወይኔ ጉዴ!» ሲል አባቷ ከወንበሩ ተነሳ። «እርስ በርስ ይጠረጣጠራሉ» ሲባል አክስቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዜማው እስኪያልቅ ሳሎኑ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ዝንቦች ብቻ ነበሩ። ከዚያ አባቷ ወደ ደረጃው ዞረ፤ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ ደረጃው።

«ሰማሽ?» አላት እህቱን።

በስምንት ወር የመጀመሪያዋ ቃል ናት። አክስቷ ከንፈሯን ነከሰች፣ ያዘችው፣ ያዘችው፣ አልቻለችም። «ሰማሁ። አባዬ ሌባ!» አለችና ፈነዳች። አባቷ ተቀበላት፤ «ደግሞ ብሉ ይለናል! ተዉት በቃ ብሉ ይለናል!» እያለ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቅ ጀመር። ተሳስቀው ሲያበቁ እንደተመካከረ ሰው ሁለቱም ወደ ሶፋው ዞሩ። «አንቺስ እማዬ! ሠላሳ አንድ ዓመት!»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አሉ እማማ።

ውሳኔውን ማንም አልጠየቀም። አባቷ ዓይኑን ሲጠራርግ ቆየና ጋዋኑን ሰብስቦ ደረጃው ላይ ካለው ካርቶን አንዱን አነሳ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ላይ ተሸከመው። አክስቷ፣ «ኧረ እሱ መጽሐፍ ነው፣ ወገብህን! ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ ከፍያለሁ፣ ማን ነው የሚመልስልኝ?» እያለች ከኋላው ተከተለችው። «ዕቃ ማስቀመጫ አድርጊው፤ ደረጃ ላይ ሰው ይሰበራል አልኩሽ እኮ» ይላታል። «መቼ አልከኝ? ለልጅህ ነው ያልከው!» ትለዋለች። ካርቶኑ የግድግዳውን ቀለም እየፋቀ፣ እነሱም እየተጯጯሁ ወጡ። ልጅቷ የቀረውን ዘመኗን ሙሉ ችሎት ላይ ብትቀመጥ ከዚህ ጭቅጭቅ የሚጥም እንደማትሰማ ታወቃት።

እማማ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ላፕቶፑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ድገሚልኝ» አሉ። ልጅቷ ዜማውን ከመጀመሪያው አስነሳችው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘፈኑን አይደለም። ዘፈኑ የሁላችሁም ነው፣ ተካፈሉት። ያቺን… እኔን የሚያናግረኝን።»

ልጅቷ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወለቀችና በነጩ ፀጉራቸው ላይ ቀስ አድርጋ አጠለቀችላቸው። ሃያ ሦስቱን ሰከንድ ብቻ ቆርጣ፣ ሲያልቅ ራሱ እንዲደገም አድርጋ ተጫነችው። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥለው በማይታይ ሰው ላይ እጃቸውን አወናጨፉ። እግራቸው በጠረጴዛው ሥር ትንሽ ወደፊት ሄደች። ጆሯቸው ስለተደፈነ የራሳቸው ድምፅ አልተሰማቸውም፤ እና ለቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «አንተ ሙት አልነግርም!» አሉ።

ደረጃው ላይ ጭቅጭቁ ቆመ። ወንድምና እህት ካርቶኑን ቀስ ብለው አስቀመጡና እዚያው እርከኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።